በለጋ ስንዴ የገባ ማጭድ

ምላሱ የሚይዘው አንድ ገበሬ ነበረ። የጠየቅከኝ ጥያቄ መልሱ እሱ ቤት ነው ያለው፣ ስለዚህ ወንድሜ አርፈህ ስማ። መሃል ላይ ከሳቅክ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፣ መክሰስህም ያልፍሃል።

ገበሬው ጎበዝ አጫጅ ነው። ያገሩ ሰው ደግሞ እህል የሚያጭደው በደቦ ነው፤ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን። በተርታ ይቆሙና ዘፈኑን በየተራ ያወጣሉ፣ የቀረው ይቀበላል። ተራው ደርሶ የማያወጣ የለም።

እዚያ ሰፈር ሰዉ ሁሉ «ጨዋታ አዋቂ» የሚለው አንድ ሰው ነበር። የገበሬው ተራ በደረሰ ቁጥር ይቀድመውና አንገቱን እንደ ዶሮ እያስረዘመ «ጤ... ጤ... ጤ...» ይላል። «ኧረ ተዉት፣ እሱ አንድ ስንኝ እስኪጨርስ ጤፉ ራሱ ታጭዶ ራሱ ይወቃል» ይላል። ሰዉ ማጭዱን ጥሎ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ገበሬውም መጀመሪያ አብሮ ሳቀ፣ ምን ያድርግ። ቆይቶ ወደ ተርታው ጫፍ ሸሸ። ቆይቶ «ወገቤን አሞኛል» ብሎ ጭራሽ ቀረ።

ወገቡን ምንም አላመመውም። ሚስቱ ግንድ ሲፈልጥ ታየው የለ።

ከሰው ደቦ የቀረ ሰው ደግሞ የሱ ማሳ ላይ ማንም አይመጣለትም። ጤፋቸው ደረሰ፣ ቢጫ ሆኖ ተጋደመ። ሰማዩ ያለ ወሩ ይጠቁር ጀመር። ዝናብ ካገኘው የዓመት ቀለባቸው መሬት ላይ መበስበሱ ነው፤ ባልና ሚስት ብቻቸውን የሚጨርሱት ማሳ አይደለም።

«ውጣና ደቦ ጥራ እንጂ» አለችው።

«በ... በ... በምን አፌ?» አላት።

ይሄኔ ተነሳች። ጨዋታ አዋቂው ቤት ሄዳ በደህና ቃል ለመነችው። «አያ፣ እባክህ ባሌን ተውልኝ። ባንተ የተነሳ ከሰው ተለየ። እህላችን ሜዳ ላይ ሊቀር ነው።»

«ቀልድ እኮ ነው» አላት። «እናንተ ቤት ቀልድ አይታወቅም እንዴ? ሆደ ሰፊ ሁኑ እንጂ። ስንት ሰው ነው የሚስቀው፣ ያ ሁሉ ሰው አጥፍቷል ልትዪኝ ነው?»

ጥላው ወጣች። ቤቷ እስክትደርስ ነገሩን እያብሰለሰለች ሄደች። ስድብ ቢሆን ተሳድባ ይወጣላት ነበር። ያንገበገባት፣ የሰው አፍ ዘግቶ ሲያበቃ ስሙን ቀልድ ማለቱ ነው። ጥፋቱን ደግሞ መልሶ እነሱ ላይ ጣለው። ሴትየዋ ልጅ አይደለችም፣ ይህን ታጣዋለች?

በማግስቱ ጠዋት ማጭዷን ይዛ የሰውየው ማሳ ገባች። ዘግይቶ የተዘራ ስንዴ ነው፣ ገና አረንጓዴ፣ ፍሬው ሲጫኑት ወተት የሚያወጣ። የደቦውን ዘፈን ድምጿን አሳምራ እያወጣች ማጨድ ጀመረች። አንድ ጭብጥ፣ ሁለት ጭብጥ፣ ሦስት ጭብጥ። ሰፈሩ ዘፈኑን ሰምቶ ወጣ፣ ገና ከሩቁ ይስቃል። ሰውየው በባዶ እግሩ እየሮጠ መጣ።

«አንቺ ሴት፣ አብደሻል?»

«ምነው አያ፣ ደቦ ልረዳህ ነው እኮ የመጣሁት።»

«የምን ደቦ? አረንጓዴ ነው እኮ። አልደረሰም።»

«ማጭድ ይዣለሁ። ዘፈኑም ያው የምንዘፍነው ነው። ሰዉም ይኸው እየሳቀ ነው። ምን ጎደለው?» አለችና አራተኛውን ጭብጥ አጨደች።

«ጎዳሽኝ እንጂ መች ረዳሽኝ?»

«ሆደ ሰፊ ሁን እንጂ» አለችው።

ሳቁ እዚህ ላይ ቆመ። ሰዉ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር፤ ከቆሙት ውስጥ በባሏ ያልሳቀ አልነበረማ። ሰውየው የታጨደውን ለጋ አቅፎ ቆመ። ለከብት ከመስጠት በቀር ለምንም አይሆን።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሰዎች ማንም ሳይጠራቸው ማጭድ ማጭዳቸውን ይዘው ገበሬው ማሳ መጡ። ጨዋታ አዋቂውም መጣና ጫፉ ላይ ቆመ። ዘፈኑ ዞሮ ዞሮ ገበሬው ጋ ደረሰ። ሚስቱ ነዶ መሰብሰቧን ትታ ቀና አለች። ባሏን ቃሉ ያዘው፣ ጎተተው፣ እንደገና ያዘው። ማንም አልቀደመውም። ኋላ ላይ እንዲህ ብሎ አወጣው፦

«የጎረቤቴ ማጭድ ዛሬ ጉድ አደረገ፣
ምላሱ ቢያርፍለት እጁ ሥራ ፈለገ።»

ከሁሉ አስበልጦ የሳቀው ያው ጨዋታ አዋቂ ጎረቤቱ ነው፤ ነዶ ላይ ተቀምጦ እንባውን እስኪጠርግ። ጤፉም ዝናቡ ሳይቀድመው ተከመረ።

እንግዲህ አንተ «ሁለቱም ካሳቁ ቀልድና ፌዝ ምን ለያቸው?» ብለህ ነው የጠየቅከኝ። የጠየቅከኝ ደግሞ ከሌላ አገር የመጣችውን ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ስታነብ አነጋገሯን እየደገምክ አስለቅሰሃት ከመጣህ በኋላ ነው። ያልሰማሁ መስሎህ ነበር? አገሩ ለሳቅ «ለዛ፣ ቀልድ፣ ተረብ፣ ቧልት፣ ፌዝ» ብሎ ስንት ስም ያወጣው ሥራ ፈትቶ መሰለህ? ማጭዱ አንድ ነው። የደረሰ ማሳ ላይ ሲገባ ባለማሳው ራሱ አብሮ ይዘፍናል፣ ያ ቀልድ ነው። ጫማህ ውስጥ ሽንብራ የከተትኩ ቀን አንተ ራስህ ወለሉ ላይ ተንከባልለህ ስቀሃል። ለጋው ላይ ገብቶ ሲያጭድ ግን የሚዘፍነው ሌላ ሰው ነው፣ የሚጎድለው የባለማሳው ነው። እሱ ፌዝ ነው፣ ሺህ ሰው ቢስቅለትም ስሙ አይቀየርም።

ነገ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ልታነብ እጇን ታወጣለች። ተራዋ ነው፤ እስክትጨርስ አፍህን ያዝ።