እመት አህያና የሽመላዋ አደራ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም እንደ ጠባ፣ ባሕሩ ከየብሱ ጋር በሚገናኝበት ረግረግ ዳር አንዲት እመት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። የውርንጭላው ስም ቡላ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ስለሆነ ባነጠሰ ቁጥር ልቧ ይወርዳል። ሲሮጥ ይወድቅብኛል ብላ ትፈራለች፤ ሲተኛ ታመመብኝ ብላ ትፈራለች። እንቅልፍ ወስዶት እንኳ ይተነፍስ እንደሆነ አፍንጫዋን አስጠግታ ታዳምጠዋለች።

ፍርሃቷን የምትረሳበት ሰዓት አንድ ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቡላን አስከትላ ወፍ ለማየት ወደ ረግረጉ ትወርዳለች። ወቅቱ ብርድ የሸሹ ወፎች ባሕሩን ተሻግረው የሚመጡበት ነው። መጀመሪያ ከሩቅ እንደ ጭስ ይታያሉ። ከዚያ ቀረብ ይላሉ፣ ድምፃቸው ይሰማል፣ ሰማዩ ይሞላል። አየር ላይ ሆነው ወደታች ያዩና፦

«ያቻት! አህያዋ ቆማለች። አውሬ የለም ማለት ነው፤ ውረዱ!» ይባባላሉ።

ደግሞም እሷ በቆመችበት መውረድ ይወዳሉ። ሰኮናዋ ጭቃውን ሲያናውጠው ትሉም ትንንሹ ሸርጣንም ብቅ ብቅ ይላል። እነሱም ከእግሯ ሥር እየለቀሙ ይበላሉ። እመት አህያ ረጋ ብላ ቆማ ታያቸዋለች። ዳክዬዎቹ ገና ሳያርፉ መጨቃጨቅ ይጀምራሉ። ዝይዎቹ ዘበኛ ሳያቆሙ አይተኙም። የቱ አንካሳ እንደሆነ፣ የቱ ቁጡ እንደሆነ፣ የቱ ከማን ምግብ እንደሚነጥቅ፣ ሁሉንም ለይታ ታውቃለች።

«እማዬ፣ እነዚያ ረጃጅሞቹስ ምንድን ናቸው?» አላት ቡላ አንድ ቀን።

«ሽመላ ይባላሉ።»

«ለምን በአንድ እግር ይቆማሉ?»

«ሌላውን እያሳረፉት ነዋ።»

«እኔም ላሳርፍ!» አለና የግራ እግሮቹን ሁለቱንም አንድ ላይ ሲያነሳ ጭቃው ውስጥ ዘጭ ብሎ ወደቀ። ዳክዬዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እመት አህያም ሳቀች፤ ከሳቀች በኋላ ግን ተሰብሮ እንደሆነ ብላ እግሩን አንድ በአንድ አሸተተችው።

በዚያው ቀን አንዲት ሽመላ ከሁሉም ኋላ ቀርታ ከልጇ ጋር ደረሰች። ልጅየው ሲያርፍ ተደናቀፈ፤ ግራ ክንፉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። እናቲቱ ወደ እመት አህያ ቀረብ አለች።

«እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። አንቺም የልጅ እናት ነሽ፣ ይገባሻል። ባሕሩ ላይ ነፋስ መትቶብኝ ነው። በደንብ ካልበላ አይነሳልኝም። መንጋው ደግሞ መሄጃው ሲደርስ ማንንም አይጠብቅም። ዓሣው ያለው እዚያ ጥልቁ ጋ ነው፤ እሱን ይዤው አልሄድ ነገር። ስሄድ አንድ ዓይንሽን ጣል ታደርጊበታለሽ?»

«ሂጂ እቴ፣ ምን ችግር አለው! እኔ አለሁ አይደል እንዴ?»

«አደራሽን።»

«አደራሽን ተቀብያለሁ፤ ሂጂ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽመላዋ ዓሣ ፍለጋ ስትሄድ ልጇ እመት አህያ አጠገብ ይውላል። ቡላ ጭራውን እያወዛወዘ ዝንብ ያባርርለታል። እሱ ደግሞ ለቡላ ባሕር ማዶ ስላለው ጎጆው ያወራለታል። እናቱ ዓሣ ይዛለት ስትመለስ ክንፉን ዘርግቶ እየዘለለ ይቀበላታል። ክንፉም ቀስ በቀስ ቀና ማለት ጀመረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እመት አህያ ቡላን ሣር እያስጋጠች ሳለ፣ በረግረጉ ዳር ካለው ደንገል መካከል ቀበሮ ብቅ አለ።

«እንደምን ዋሉ፣ እመት አህያ! ምነው ከሱብኝ? መቼም ልጅ ማሳደግ ቀላል አይደለም።»

«ምን ፈልገህ ነው?» አለችው፤ ቡላን ወደ ኋላዋ ገፋ አድርጋ።

«እኔማ ምን እፈልጋለሁ? ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ። አያ ጅቦ ወደዚህ ተሻግሯል።»

የእመት አህያ ጆሮዎች ተንጠለጠሉ። አፏ ውስጥ የነበረውን ሣር መዋጥ አቃታት።

«ማን ነገረህ?»

«ራሱ ነዋ! ትናንት አገኘኝና 'በዚህ ሰፈር ውርንጭላ ያላት አህያ አለች አሉ፤ እውነት ነው?' አለኝ።»

«አንተስ? አንተስ ምን አልከው?»

«'ኧረ የለችም፣ እዚህ ያለው ጭቃና ጨው ብቻ ነው' አልኩት። አመነኝ፤ ሞኝ አይደል? ግን ነገም ይጠይቀኛል፣ ከነገ ወዲያም ይጠይቀኛል። እንግዲህ ምላሴ ነው፤ ሊያመልጠኝ ይችላል።»

«እባክህ! ምን ላድርግልህ?»

ቀበሮ እንዳፈረ ሁሉ መሬት መሬት አየ።

«ኧረ ምንም አያድርጉልኝ። ወፎቹን ማየት ደስ ይለኛል፣ ያው እንደ እርስዎ። ግን ስሜ ጠፍቷል፤ ገና ጆሮዬን ሲያዩ ብር ይላሉ። ጠዋት ሲወርዱ ከኋላዎ፣ ከእግርዎ ሥር ሆኜ ልከተልዎት። ማየት ብቻ።»

«ማየት ብቻ?»

«ማየት ብቻ።»

ይህን የጠየቀችው ስላመነችው አልነበረም። ጠይቄዋለሁ ለማለት ነበር።

በማግስቱ ቀበሮ ጭቃ ለጭቃ እየተሳበ፣ በእመት አህያ የኋላ እግሮች መካከል ተሸሽጎ ወረደ። ወፎቹ አላዩትም። ያዩት የሚያውቋትን አህያ ነው። ቡላ ግን ዞር ዞር እያለ ያየዋል።

«እማዬ፣ ይሄ ለምን...»

«ዝም በል!» አለችው።

ቀበሮ በዚያ ቀን ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም ሲያደንቅ ዋለ። «አይ፣ ምን ዓይነት ቁንጅና ነው! ያ ቁጡው ማን ይሆን? አንካሳውስ?» ይላታል። እመት አህያ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ወፎቿ ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር። ደስ አላት። ቀስ ብላ ታንሾካሹክለት ጀመር።

«ያ ትንሹ ሽመላስ?» አላት በሁለተኛው ቀን። «ታሟል እንዴ?»

«ግራ ክንፉን ነው። አሁንስ ተሽሎታል፤ ቶሎ መነሳት ነው ያቃተው። ፀሐይ ሞቅ ሲል ደግሞ እንቅልፍ ይወስደዋል።»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ምነው ባልነገርኩት አለች። ግን እኮ ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አላደረገም ብላ ራሷን አጽናናች። ደግሞ አያ ጅቦ አለ። ቡላን አየችው። ቀጫጭን እግሮቹን አየች።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይዋ ሞቅ ስትል እናት ሽመላ እንደ ልማዷ ወደ ጥልቁ ሄደች። ትንሹ ሽመላ አንገቱን ክንፉ ውስጥ ከቶ አንቀላፋ። እመት አህያ ከኋላ እግሯ ሥር የነበረው የቀበሮ ትንፋሽ ሲርቅ ተሰማት። መጮኽ ትችል ነበር። አንዴ ብታናፋ ረግረጉ በሙሉ ይነቃ ነበር። አፏን ከፈተች፤ ከዚያ «ምላሴ ሊያመልጠኝ ይችላል» ያላት ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው።

ጭቃው ተንቦጫረቀ። አንዲት የጭንቅ ድምፅ ተሰማች፣ ቶሎም ተቋረጠች። ወፎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ብር አሉ፤ ደንገሉ ተንኮሻኮሸ፤ ቀበሮ የለም። ውሃው ላይ ነጭ ላባ ብቻ ተንሳፎ ቀረ።

«ከደንገሉ ነው የወጣው! ከደንገሉ!» እያሉ ዳክዬዎቹ ተንጫጩ። ወደ አህያዋ የተመለከተ አንድም አልነበረም።

እናት ሽመላ ዓሣዋን በአፏ እንደያዘች ተመለሰች። እመት አህያ ግን ቡላን እየገፈተረች ከረግረጉ ወጥታ ሄዳለች።

«እማዬ፣ ቀበሮው እኮ ከእኛ ጋር ነበር» አላት ቡላ እየሮጠ።

«አልነበረም!»

«ነበረ፤ እኔ አይቼዋለሁ።»

«ዝም በል ብዬሃለሁ፣ ዝም በል!»

በማግስቱ እመት አህያ ቡላን ቁጥቋጦ ውስጥ ሸሸገችውና የአያ ጅቦን ኮቴ ፍለጋ ወጣች። እንደሚመጣ ካወቀች ትሸሻለች። ጭቃው የረገጠውን ሁሉ ምልክት ይይዛል። የወፎቹ እግር አለ። የሷና የቡላ ሰኮና አለ። ከኋላቸው የቀበሮ ኮቴ አለ። የጅብ ግን ፈልጋ ፈልጋ አጣች። የረግረጉን ዳር እየተከተለች ስትሄድ ባሕሩ ወደ የብስ ከሚገባበት ሰፊ ውሃ ደረሰች። ከማዶ አጥንት ሲሰባበር ሰማች። አያ ጅቦ ባሕር የተፋውን ትልቅ ዓሣ ከቦ ተቀምጧል፤ ከቦ የተቀመጠው ብቻውን ነው።

«ማነው እዚያ ማዶ?» አለ አፉን ሳያጸዳ። «ምግብ ነሽ ወይስ የምትናገሪ?»

«ውሃው በመካከላችን ነው፣ አያ ጅቦ። እንነጋገር ብቻ። ስለ ልጄ ቀበሮን ጠይቀኸው ነበር ወይ?»

«ልጅ? የምን ልጅ? ይበላል?»

«ወደኛ ተሻግረህ ነበር አሉኝ።»

«እኔ?» ሳቅ ሲለው የዓሣ አጥንት ትን አለውና ሳለ። «እኔ ይሄን ዓሣ ካገኘሁ ወዲህ ከዚህ ተነስቼ አላውቅም! ቀበሮ፣ ያ ቀጭኑ ነው አይደል? እሱንማ ባለፈው በጋ ነው ያየሁት። ደግሞስ ይሄን ሁሉ ውሃ ማን ይሻገራል? እኔ ውሃ ስጠጣ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምጠጣው።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ቆይ ቆይ! አህያ ነሽ እንዴ? ምነው ቀደም ብለሽ አትነግሪኝም!»

ውሃውን አየው፤ ዓሣውን አየው። ወደ ዓሣው ዞረ።

እመት አህያ የፈራችው ነገር አልነበረም። የሰጠችው ግን ሄዷል። በዚያው ቆማ፣ ለሽመላዋ እነግራታለሁ አለች። ትንከሰኝ፣ ትስደበኝ፣ መንጋው ሁሉ ይስማ፤ እነግራታለሁ። ቡላን ከተሸሸገበት አወጣችውና ወደ ረግረጉ ወረደች።

መንጋው ሊነሳ እየተሰናዳ ነበር። ነፋሱ ዞሯል፤ ከዚያ በላይ መቆየት አይችሉም። እናት ሽመላ ብቻዋን በደንገሉ ዳር ወዲያና ወዲህ ትላለች። ላባዋ ጭቃ ለብሷል። እመት አህያን ስታይ እየሮጠች መጣች።

«እህቴ! ዳክዬዎቹ ከደንገሉ አውሬ ወጣ አሉኝ። እኔ ግን ደንግጦ ሮጦ ይሆናል እላለሁ፤ ድንጉጥ ነው፣ ታውቂዋለሽ። አንቺ አጠገቡ ነበርሽ። ወዴት ሲሄድ አየሽው?»

እመት አህያ አፏን ከፈተች። የሽመላዋ ዓይኖች አፏን አፏን እያዩ ነው፤ አንዲት ቃል ይለምናሉ።

«አላየሁም» አለች።

«ምን ታደርጊ፣ የራስሽም ልጅ አለሽ» አለቻት ሽመላዋ። «አይ እህቴ፣ አንቺ ባትኖሪ ይሄን ሁሉ ቀንስ ማን ይጠብቅልኝ ነበር? አሁን መንጋው ተነሳ፤ ብቻዬን ብቀር አልተርፍም። አንድ ነገር ልለምንሽ። አንቺ መቼም ጠዋት ጠዋት እዚህ ትቆሚያለሽ። ከመጣ፣ የባሕሩን ዳር ይዘን ወደ ደቡብ ሄደናል በይልኝ። እናትህ ዞር ዞር እያለች ስታይ ነው የሄደችው በይልኝ።»

«እሺ» አለች እመት አህያ።

ሽመላዋ ክንፏን ዘረጋች። ተነሳች። ከመንጋው ኋላ ሆና እውነትም ዞር ዞር እያለች ስታይ፣ ጭስ እስክትመስል ድረስ ራቀች። ረግረጉ ጭር አለ።

ቡላ ሰማዩን ሲያይ ቆየ። ከዚያ እናቱን አያት፤ እንደ ወትሮው ግን አልተጠጋትም።

«እማዬ፣ እኔስ ብጠፋ፣ ያየው ሁሉ አላየሁም ነው የሚልሽ?»

አፍንጫዋን አስጠግታ ልታሸትተው ስትል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለልጃችን ፈርተን የሌላዋን እናት ልጅ አሳልፈን ከሰጠን፣ ያተረፍነው ልጃችን ራሱ እኛን መፍራት እንደሚጀምር ነው።