መሶብ ሰፊዋና ጸጥ ያለው ክፍል

አንዲት መሶብ ሰፊ ነበረች አሉ፤ ጡት ያልጣለ ልጇን አዝላ የምትሰፋ። ልጁ ሲያለቅስ እሹሩሩ እያለች ስትወዘውዘው ነው አዲስ ጌጥ የሚመጣላት።

የአገሩ ገዢ ደጃዝማች ወንድይራድ ለልጃቸው ሠርግ ማንም ያላየው ጌጥ ያለው መሶብ ፈለጉና አስጠሯት። «ለቅሶ ባለበት ሐሳብ አይመጣም» ብለው ልጇን ከጀርባዋ አስወረዱና ከግቢው በር ውጪ አብራት ለመጣችው አክስቷ አሳቀፉባት። እሷን ጸጥ ያለ ክፍል አስገቧት። አዲስ ጌጥ ሳታወጣ ልጇን አታይም ተባለ።

ምን ታድርግ፣ ጡቷ አግቶ ቀሚሷን እያራሰው ስትሰፋ ስትፈታ ዋለች። የሚወጣው ያው የድሮው ጌጥ ነው። የልጇ ለቅሶ ደግሞ ከውጪ ይሰማታል፣ እናት የሆነ ያውቀዋል።

ደጃዝማቹ ገብተው አዩና ተቆጡ።

«አንቺ፣ ይሄ ሁሉ ጸጥታ ተሰጥቶሽ ሐሳቡ የታለ?»

«ጌታዬ፣ እሱማ ከጠዋት ጀምሮ በርዎ ላይ ደጅ እየጠና ነው።»

«ታዲያ ማን ከለከለው?»

«ዘበኛዎ ነዋ። ‹ጥርስ እንኳ ያላበቀለ ሰው ደጃዝማች ዘንድ ምን ጉዳይ አለው?› ብሎ መለሰው።»

ደጃዝማቹ ሳቃቸው አመለጣቸው። በሩም ተከፈተና ባለጉዳዩ እየጮኸ ገባ።