ካቦው ስንት ክንድ ነው?

ተረት ተረት! «የጀልባ ጥረት» በሉኝ እንጂ! አፋችሁን ይዛችሁ ከተቀመጣችሁ አልነግራችሁም። እ… እንደሱ ነው።

በጣና ዳር የዝባለም የምትባል እናት ነበረች። ልጇ ማዶ ተድራ፣ ማዶ ወለደች። የዝባለም ወሬውን እንደሰማች እልል አለችና ቅቤዋን በቅል ሞልታ ወደ ጀልባው ወረደች። ለምን ብትሉ፣ የልጇ አማት ቅቤ ሲሆን እጇ እንደሚታሰር አገር ያውቃል። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች አራስ በደረቅ ገንፎ ልትታረስ ነው! እናት ይህን እያወቀች እንዴት እንቅልፍ ይወስዳታል?

«ጓንጉል፣ አሻግረኝ» አለችው ባለጀልባውን።

«እትዬ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ጀልባዋ ግን ወደ ግራ እንጂ ወደ ቀኝ አልዞርም ብላለች። ማዶ ደግሞ በቀኝ ነው።»

እውነቱን ነው። ትናንት ተሳፋሪ ጭኖ ሲዞር ሲዞር ውሎ፣ ከተነሱበት አውርዶ «እንኳን በሰላም ገባችሁ» ብሏቸዋል።

«አንቺ ጀልባ፣ ምነው?» አለች የዝባለም።

«እኔ ምን ላድርግ? መሪው አያዞረኝም።»

«አንተ መሪ፣ ምነው?»

«እኔ ምን ላድርግ? ከእኔ እስከ ሞተሩ የተዘረጋው የብረት ገመድ፣ ካቦው፣ አጭር ነው። ወደ ቀኝ ልሂድ ስል ይይዘኛል። ሌላ ካቦ አምጪ።»

ካቦው መሪውን ያዘ፣ መሪው ጀልባዋን ያዘ፣ ጀልባዋ የዝባለምን ያዘች። ቅቤውም በፀሐይ መለስለስ ጀመረ።

ወደ ሰዒድ ሱቅ ሮጠች። ረጅሙም አጭሩም ካቦ እየተጠቀለለ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ሰዒድ፣ ለጓንጉል ጀልባ የሚሆነውን አውርድልኝ።»

«ካቦው ስንት ክንድ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ልኩን ሳላውቅ አላወርድም። ካጠረ አይደርስም፣ ከረዘመ ይጠማዘዝና መሪው ይከብዳል። ሂጂና አስለኪ፣ እትዬ።»

ልኩ ካቦውን ያዘ፣ ካቦው መሪውን ያዘ፣ መሪው ጀልባዋን ያዘ፣ ጀልባዋ የዝባለምን ያዘች። ተመልሳ ጓንጉልን «በል ለካ» አለችው።

«እኔማ ክንዴ አጭር ነው» አለ ጓንጉል። «ሰው ዕቃ ሊገዛ ሲል ክንደ ረጅም ይዞ ነው የሚሄደው። አንማውን ጥሪው።»

አንማው ማለት ሳያጎነብስ ጉልበቱን የሚያክ ሰው ነው። አቡጀዲ የሚገዛ ሁሉ እሱን ይዞ ነው ገበያ የሚወጣው። ሄዳ ለመነችው።

«እኔ? ዳግመኛ?» አለ አንማው። «ያኔ ይሄ ካቦ ሲገዛም ጀልባዋን በክንዴ የለካሁት እኔ ነኝ። ሰዒድ ደግሞ በራሱ ክንድ ቆጥሮ ሰጠ። አጠረ። ከዚያ ‹የአንማው ክንድ ዋሾ ነው› ብሎ ስሜን አጠፋው። ይቅርታ ሳይለኝ ክንዴን አልዘረጋም!»

አያችሁልኝ ብልጠት? አቡጀዲ ሲሆን ረጅም ክንድ ያተርፋል። ጀልባን በረጅም ክንድ ለክቶ ካቦውን በአጭር ክንድ መግዛት ግን ራስን በራስ መስረቅ ነው። የሁለቱም ክንድ አልዋሸም፤ የአንድ ሰው አለመሆኑ ነው እንጂ። ይህን ማን ይንገራቸው?

አንማው ልኩን ያዘ፣ ልኩ ካቦውን ያዘ፣ ካቦው መሪውን ያዘ፣ መሪው ጀልባዋን ያዘ፣ ጀልባዋ የዝባለምን ያዘች። ደግሞ ወደ ሰዒድ!

«ይቅርታ በለውና ይለቀኝ፣ ሰዒድ።»

«እኔ? የእኔን ክንድ ሌባ ያለው እሱ አይደል? ሽማግሌ ሳይገባ ወይ ፍንክች! አለቃ ውበቴ ይምጡ።»

አለቃ ውበቴ የት ናቸው? ከጠዋት ጀምሮ ጥላቸውን ዘርግተው ጓንጉል ጀልባ ላይ ተቀምጠዋል።

«አለቃ፣ እባክዎ ሰዒድንና አንማውን ያስታርቁልኝ።»

«ማስታረቁ በደስታ ነበር፣ ልጄ። ግን ማዶ ተዝካር ተጠርቻለሁ፤ ጠላው ሳይሟጠጥ ልድረስ። ስመለስ አስታርቃቸዋለሁ። አንተ ጓንጉል፣ ምን ትጠብቃለህ? አሻግረን እንጂ!»

እንግዲህ ጀልባዋ አለቃን ያዘች፣ አለቃ ሰዒድን ያዙ፣ ሰዒድ አንማውን ያዘ፣ አንማው ልኩን ያዘ፣ ልኩ ካቦውን ያዘ፣ ካቦው መሪውን ያዘ፣ መሪው ጀልባዋን ያዘ፣ ጀልባዋ የዝባለምን ያዘች። ቅቤውስ? ቅቤው ቀልጦ በቅሉ አፍ ይንጠባጠብ ጀመር።

የዝባለም ቅቤው እጇ ላይ ሲንጠባጠብ ደሟ ፈላ።

«ኧረ በሕግ! ልጄ ወገቧ ሳይጠና በደረቅ ገንፎ አንጀቷ ይድረቅ? የእናንተ ክንድ እስኪታረቅ?» አለችና መቀነቷን ፈታች። አንዱን ጫፍ መሪው ላይ ያዘች። በጀልባዋ ጎን፣ ከጎበጠው ጋር እየጎበጠች፣ እስከ ኋላ ወሰደችው። እዚያ አጥፋ ሞተሩ መሀል አደረሰችውና ልኩ ላይ ቋጠረችው።

«ኧረ እትዬ፣ በመቀነት አይለካም!» አለ ጓንጉል።

«ስንት ክንድ ሆነ?» አለ አንማው ከሩቅ። ማኩረፉን ለአፍታ ረስቶት ነበር።

«ክንድ አልሆነም። ከመሪው እስከ ሞተሩ ሆነ።»

ሰዒድም ገና ስትገባ «ስንት ክንድ ነው?» አላት።

«ይኸው፣ ልኩ ራሱ መጥቷል።» መቀነቱን ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ሰዒድ ክንዱን ሊያስጠጋ ሲል እጁን መታ አደረገችው። ምን ያድርግ? ካቦዎቹን እያወረደ በመቀነቱ ጎን አስተኛ፤ አንዱ ቋጠሮው ላይ ልክ አለ። ጓንጉልም አጭሩን ፈትቶ አዲሱን ገጠመ።

መቀነቱ ልኩን አስለቀቀ፣ ልኩ ካቦውን ለቀቀ፣ ካቦው መሪውን ለቀቀ፣ መሪው ጀልባዋን ለቀቀ፣ ጀልባዋም ወደ ቀኝ ዞራ የዝባለምንና አለቃን አሻገረች። አንማውና ሰዒድ ግን እስከ ዛሬ ተኮራርፈው ሽማግሌ ይጠብቃሉ። አለቃም ማዶ ናቸው፤ ጠላው አላለቀም።

የዝባለም ስትደርስ አማቲቱ የራሷን ቅቤ በጣቷ ጫፍ ገንፎው ላይ እየነካች ነበር። የዝባለም ገንፎውን መሀሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅሏን ደፋችበት። አራሷ አንድ ጎረሰች፤ ደገመች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እማዬ፣ ስጠብቅሽ ስጠብቅሽ… ምነው ቆየሽ?»

የዝባለም ልትነግራት አፏን ከፈተች። አለቃ ሰዒድን ያዙ፣ ሰዒድ አንማውን ያዘ… ተወችው።

«ወንዶቹ ክንድ ሲለካኩ ነው፣ ልጄ» አለቻት። «ብይ፣ ሳይበርድብሽ።»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በገንፎ አብሱ።