ኳሷን የገዙት ጌታ

ይኼን ስሙልኝማ! የሰፈር ልጆች ለዋንጫ እየተጫወቱ ነው። ዳኛው ጋሪ ነጂ ነው፤ ምላሱ ግን ከጅራፉ ይብሳል። የሰፈሩ ሀብታም የአቶ ሽብሩ ልጅ ኳሷን በእጁ መትቶ ጎል ቢያገባ፣ ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ ሻረበት። ወይ ጉድ! አቶ ሽብሩ ቦርጫቸውን አስቀድመው ሜዳ ገቡና ኳሷን ብብታቸው ሥር ወሸቋት።

"ኳሷን የገዛሁት እኔ ነኝ! ጎሉን ካላጸደቅህ ኳሴን ይዤ ቤቴ እገባለሁ!"

ልጆቹ ጨዋታው ሊቀርባቸው ነውና አንገታቸውን ደፉ። ዳኛው ግን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

"ጌታዬ፣ እንዲህ የሚል ሕግማ አለ፤ የሚሠራው ግን ከሰባት ዓመት በታች ላሉት ነው። የልደት ሰርተፍኬትዎን ያሳዩኝና ሰባት ካልሞላዎት ጎሉን አሁኑኑ አጸድቃለሁ!"