ጥለቷን ያስቆረጠች ቀሚስ

የቆመ ይቀመጥ፣ የተቀመጠም ጠጋ ይበል፤ ተረት ላወራ ነው። ጨርቅ አያወራም የሚል ካለ አሁኑኑ ይንገረኝ፤ መሐል ላይ እንዳያቋርጠኝ።

በድሮ ዘመን፣ ልብስ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ጊዜ፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ትርንጎ አንድ የሐበሻ ቀሚስ ነበራት። ነጭ ናት፤ እስከ ቁርጭምጭሚት ትወርዳለች፤ ከታች ጠርዟን ዙሪያውን የሐር ጥለት ይዞራታል። የክት ልብስ ስለሆነች ሳጥን ውስጥ ተኝታ ትኖራለች። ሰርግ ሲመጣ ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ ትታጠፋለች። እንግዲህ ኑሮ ከተባለ ኑሮዋ ይኸው ነው።

አንድ ቀን በሳጥኑ ስንጥቅ ብል ገባ።

«እንደምን ዋልሽ?» አላት።

«ደህና። ምን ፈልገህ ነው?» አለችው ቀሚሷ።

«እኔ የምበላው የተቀመጠ ልብስ ነው። የሚለበስ ልብስ ይራገፋል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ አይመቸኝም። አንቺ ግን ተረጋግተሻል። ከአንገትሽ ልጀምር ወይስ ከእጅጌሽ?»

ቀሚሷ ፈራች። በጣም ፈራች። «እስቲ ትንሽ ታገሠኝ» ብላ ለመነችው።

«እታገሣለሁ፤ የት ትሄጂብኛለሽ?» አለ ብል።

በዚያው ሰሞን ትርንጎ ላቲን ዳንስ ልትማር ተመዘገበች፤ ያን ሳልሳ የሚሉትን። ሥራዋ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነውና ወገቧ ተሳስሮ አስቸግሯት ነበር። ተመዘገበች፤ ከዚያ ምን ልልበስ ብላ ጨነቃት። ቀሚሷ ይህን ሰማችና በሳጥኑ ስንጥቅ ጂንስ ሱሪውን ጠራችው።

«ጂንስ፣ ዛሬ የምትለብሰው አንተን ነው። እባክህ አጥብቀህ ያዛት» አለችው።

«ለምን ብዬ?»

«ካልተመቸሃት እኔን ታወጣኛለች። ካላወጣችኝ ብል ይበላኛል።»

«ማጥበቁንስ ለእኔ ተዪው» አለ ጂንስ። አብሯትም ሄደ። እግሯን ስታነሳ ጭኗን ያዛት፣ ወገቧን ስታዞር ሆዷን ያዛት። ትርንጎ እንደ ተገተረች አምሽታ ገባች።

በሁለተኛው ትምህርት ቱታ ለበሰች፤ የጎማ ሶል ያለው ጫማም አደረገች። ቀሚሷ ደግሞ ጫማውን ጠራችው።

«ጫማ፣ እባክህ ወለሉን ያዝልኝ» አለችው።

«እኔ ልመና አያስፈልገኝም። ጎማ ነኝ፤ ከያዝኩ አለቅም» አለ ጫማ። ትርንጎ ልትዞር ስትል ሰውነቷ ዞረ፣ እግሯ ቀረ። ጉልበቷን ይዛ እያነከሰች ገባች።

በሦስተኛው ትምህርት ትርንጎ ሳጥኑ ፊት ቆመች። «ሰው ፊት እየሄድኩ የዘወትር ልብስ ስለብስ ነው ለካ ነገሩ እምቢ ያለኝ። ክቴን እለብሳለሁ» አለች። አትሳቁ፤ እናንተም ብትሆኑ ይህንኑ ነበር የምታደርጉት።

ቀሚሷ ወጣች። ታኮ ጫማም አብሯት ወጣ። ደስታዋን አትጠይቁኝ። እስክስታ ቢሆን ኖሮ ማን ይደርስባት ነበር፤ ለትከሻ የተሰፋች ልብስ ናት። ሳልሳ ግን ሥራው እግር ላይ ነው፤ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ትርንጎ ወደ ኋላ ስትራመድ ታኮው ጥለቱን ረገጠ። ትርንጎ ወደቀች። አብሯት የሚጨፍረው በረደድ የሚባል ግዙፍ ሰው ነበር፤ እሱም ላይዋ ላይ ወደቀ።

አሰልጣኙ ሁለቱንም አነሳቸውና «እህቴ፣ ልብስሽ ያምራል፤ ለእግርሽ ግን መንገድ አልተወለትም» አላት።

ትርንጎ እቤቷ ገብታ አለቀሰች። «ሁለተኛ አልሄድም» አለች። ቀሚሷን አጠፈችና ሳጥኑን ከፈተች። ብል እዚያው ተቀምጧል።

«እንኳን ደህና መጣሽ። ከአንገትሽ ብጀምር ይሻላል ብዬ ወስኛለሁ» አላት።

እንግዲህ ልብስ እርስ በርሱ ያወራል እንጂ ለባለቤቱ አይናገርም ነበር፤ ደንባቸው ነው። ያን ዕለት ግን ቀሚሷ ተናገረች።

«ትርንጎ፣ ቁረጪኝ» አለቻት።

ትርንጎ ደነገጠች። «የት ላይ?»

«ከጉልበትሽ በታች ያለውን በሙሉ።»

ይህን ጊዜ ጥለቱ ተቆጣ። «እኔን? ሰው ሰርግ ቤት የሚያየው እኮ እኔን ነው። ያለ እኔ ማን ቀሚስ ይልሻል? የትራስ ጨርቅ ነሽ።»

«እውነትህን ነው፤ ሰው የሚያየው አንተን ነው» አለች ቀሚሷ። «እኔም እወድሃለሁ። ካንተ ያማረ ነገር የለኝም። ግን ሳጥን ውስጥ አምሬ ለማን ነው?»

መቀስ ሲሰማ ቆይቶ «ወስኑ እንጂ፤ አፌን ከፍቼ ስንት ሰዓት ልቁም?» አለ።

«ያመኛል?» አለችው ቀሚሷ።

«ያምሻል» አለ መቀስ። መቀስ ማለባበስ አያውቅም።

«ቁረጥ።»

ቆረጠ። ጥለቱ ተጠቅልሎ ሳጥን ገባ። «እኔ ክብሬን ጠብቄያለሁ» አለ። ብልም «ደግ አደረግህ፣ አረፍ በል» አለው።

ትርንጎ በሚቀጥለው ትምህርት ያጠረችውን ቀሚስ ለበሰች። ታኮውን ትታ ዝቅ ያለ የቆዳ ሶል ጫማ አደረገች፤ ሰው ፊት የሚገርፈውን ነጠላና የሰው እጅ የሚቧጭረውን ቀለበት እቤት አስቀረች። ዞረች። ቀሚሷም ተከፍታ አብራት ዞረች፣ እግሯ ላይ ተመልሳ ተጠቀለለች። በረደድም አልወደቀም።

ከዚያ ወዲያ እረፍት የለም። ቀሚሷ ላብ ጠጣች፣ ታጠበች፣ ተሰጣች፣ ብብቷ ስር ተተረተረች፣ ተሰፋች። ነጭነቷ ሄደ፤ ጨርቋ ሳሳ። አንድ ምሽት ትርንጎ ስትዞር ከወገቧ ተቀደደች። ትርንጎ ሳቀች፤ በመርፌ ቁልፍ ይዛ እስከ መጨረሻው ዘፈን ጨፈረችባት። እቤት ስትመለስ ሳጥኑን ከፈተች። ጥለቱ ዱቄት ሆኗል።

ተረቴ ይኸው ነው፤ የሰማ ላልሰማ ያውራው። ጥለቱም አለቀ፣ ቀሚሷም አለቀች፤ እሷ ግን ስትጨፍር ነው ያለቀችው።