አንድ ስም ላኩልኝ

በአንድ ወቅት፣ መብራት ሲመጣ ከየቤቱ እልል በሚባልባት አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ሦስት ጓደኛሞች በአንድ ስልክ ይማሩ ነበር። ደምስ ድንጋይ ጠራቢ ነው። አስካል ፀጉር ትሠራለች። ሞላልኝ ወፍጮ ቤት ይውላል። ኮሌጁ አዲስ አበባ ነው፤ ትምህርቱ በኢንተርኔት ይመጣል፣ ደስ ባለው ቀን።

የዚያ መንፈቅ ትምህርት የዓለም አፈ ታሪክና ተረት ነበር። ስለ ግሪክ አማልክት፣ ስለ ምዕራብ አፍሪካው ብልጥ ሸረሪት ተማሩ። የመብረቁ አምላክ ሊቆጣ ሲል ኔትወርኩ ይሄዳል፤ ምን እንዳደረገ ሳያውቁ ይቀራሉ። ከዚያ መንፈቅ በኋላ ከፍሎ ለመቀጠል አቅም ያለው ከሦስቱ አንድም አልነበረም።

በመጨረሻ መምህርታቸው ጸዳለ የቡድን ሥራ ሰጠች። በአካባቢያቸው የሚነገር፣ ማንም ያልጻፈው ተረት በድምፅ ቀድተው ይልካሉ። ከአሸናፊው ቡድን አንድ ሰው ዲግሪውን በነፃ ይጨርሳል።

"አንድ ሰው? እኛ እኮ ሦስት ነን" አለች አስካል።

"መጀመሪያ እናሸንፍ። የቀረው ያኔ ይታያል" አለ ሞላልኝ። ስህተታቸው እዚህ ላይ ጀመረ።

እንዲህ ያለ ተረት ያለው ሰው በከተማዋ አንድ ነው፤ የደምስ አጎት ጋሽ ተገኝ። ጨረቃን ተውሶ አልመልስም ስላለው ጅብ የሚያወሩትን ከእሳቸው ሌላ የሚያውቀው የለም። ደምስን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፣ ማሳደግ ከተባለ። ከስድስተኛ ክፍል አስወጥተው ድንጋይ አስጠረቡት። ተረት ሲያወሩ ተቀባዩ እሱ ነበር፤ እንቅልፍ ከጣለው በአለንጋ ይቀሰቅሱታል። አንድ ቀን ወጣ። ደጃቸውን ዳግመኛ ላይረግጥ ማለ።

አሁን ሄደ። ጋሽ ተገኝ በሩ ላይ ቆመው አላሳልፍ አሉት።

"ረግጠህ የወጣኸው አንተ ነህ። ወጉን ታውቃለህ።"

ያውቃል። የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ይቅርታ ይጠይቃል። የበደለው እሱ አልነበረም። ቢሆንም ከመንገድ ዳር አንድ ድንጋይ አነሣ።

"ይሄማ ለጉልቻም አይሆን። አንተ ድንጋይ ጠራቢ አይደለህ እንዴ? ደህና አምጣ።"

ደህና አመጣ። ጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ እያየ፣ ተሸክሞ ቆመ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የአየሩን ነገር ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። ሲበቃቸው "አውርድ፣ ይቅር ብያለሁ" አሉት።

"ነገ ጓደኞቼን ይዤ እመጣለሁ" አለ ደምስ።

በማግስቱ ሦስቱም ሄዱ። ሞላልኝ ስልኩን በርጩማ ላይ አቁሞ "ድምፅ እንዳይገባበት፤ ትንፍሽ የምትል እንዳትኖር" አለ፣ አስካልን እያየ።

"ተረት ተረት!" አሉ ጋሽ ተገኝ።

ዝም።

ስልኩን አዩት። እነሱን አዩዋቸው። "ተረት ተረት!"

ዝም።

"ምን ሆናችኋል? እኔ ለሬሳ አላወራም።" ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አራገፉ።

መልሱን ደምስ ያውቀዋል። ልጅነቱን ሙሉ ሲለው ኖሯል። አፉን ከፈተ፤ አለንጋው ትዝ አለውና መልሶ ዘጋው።

"የላም በረት!" አለች አስካል። ሞላልኝ በዓይኑ ሊበላት ደረሰ። ሽማግሌው ግን ተመልሰው ተቀመጡ። እሷም መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ "ከዚያስ ጋሼ?"፣ "ወይ የጅብ ነገር!"፣ "ጨረቃዋንስ የት ሸሸጋት?" እያለች ተረቱን እስከ ጫፉ ጎተተችው።

ሊልኩት ሲሉ መብራት ጠፋ፤ ኔትወርኩም ተከተለው። ቀነ ገደቡ ያው ዕለት ነው።

"እኔ ልውሰደው" አለ ደምስ።

"የማይነካ ነክተህ፣ አጥፍተኸው ልትመለስ?" አለ ሞላልኝ። ከሰዓት በኋላ የወረዳው የቅጥር ፈተና ነበረው፤ ከወፍጮ ቤት አቧራ የሚያወጣው ፈተና። ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ጎረቤት ከተማ ሄደ። ላከው። ሲመለስ ፈተናው አልቆ በሩ ተቆልፏል።

አሸነፉ። ጸዳለ ስልኩ ላይ ብቅ ብላ "ከሁሉም ነፍስ ያለው የእናንተ ነው። አድማጭ የሚመልስበት እሱ ብቻ ነው። በሉ፣ አንድ ስም ላኩልኝ" አለች።

"ቲቸር፣ እርስዎ ይምረጡልን!" አለ ሞላልኝ።

"ድምፃችሁ ይቆራረጣል... አንድ ስም..." መብራት ጠፋ። ምስሏ አፏን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ።

"ሰማችሁ?" አለች አስካል። "አድማጭ የሚመልስበት ነው ያለችው። የመለሰው ማን ነው?"

"አንዲት ቃል ብለሽ ዲግሪ! እኔ እኮ ሥራዬን ነው የሰጠሁት። ስልኩ ውስጥ ቀርቶ ቢሆን ማን ይሰማሽ ነበር?"

"አፍሽን ዝጊ ያልከኝ አንተ አይደለህ? አንተን ብሰማ ኖሮ የምትልከው የሽማግሌ ሳል ነበር።"

ሁለቱም ወደ ደምስ ዞሩ።

"ድንጋዩን ማን ተሸከመው?" አለ።

"የተሸከምክላቸው እኮ የገዛ አጎትህ ናቸው" አለ ሞላልኝ። "ታረቅክ፣ ተጠቀምክ።"

ደምስ ጥርሱን ነከሰ። ታረቅክ። ጋሽ ተገኝ ጠጅ ቤት ተቀምጠው፣ "ሰው ያደረገው የእኔ አለንጋ ነው፤ ገብቶት ነው ድንጋይ ተሸክሞ የመጣው" እንደሚሉ ሰምቷል። ዕድሉን ቢወስድ የሽማግሌው ወሬ እውነት ሊመስል ነው። ቢተወው ነገ ጠዋት መዶሻው ይጠብቀዋል፤ ድንጋዩንም በከንቱ ተሸክሞታል።

መብራት መጣ። ከየቤቱ እልል ተባለ። ስልኩም ጮኸ፤ "ስሙን እየጠበቅኩ ነው" ይላል የጸዳለ መልእክት። ከሦስቱ የነካው የለም።

እንግዲህ ዳቦው ይቅር፤ አፍ የሚያብስ አልተፈለገም፤ የጠፋው የሚመልስ ነው። ደምስ ባይሸከም በሩ አይከፈትም፤ አስካል ባትመልስ ተረቱ አይወጣም፤ ሞላልኝ ባይሄድ የትም አይደርስም። እናንተም እንደ ሬሳ ዝም አትበሉ፦ ዕድሉ ለማን ይገባል?