«ዙረው ይዩ» የተባለው ድንጋይ

ከደጋው ገደል ግርጌ፣ መንገዱ ወደ ይፋት ቆላ ማዘቅዘቅ በሚጀምርበት ቦታ፣ ከአንድ ያረጀ ዋንዛ ሥር የተጋደመ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ስሙም «ዙረው ይዩ» ይባላል። በየዓመቱ ሚያዝያ ሲጋመስ የመንደሩ ገበሬዎች አንድ በአንድ እየመጡ ከእግርጌው ይቆማሉ፤ የመጀመሪያውን ረድፍ ቅርጽ በጣታቸው ዳስሰው ወደ ራስጌው ይዞራሉ፤ ሁለተኛውን ከዚያ በኩል ዳስሰው ተመልሰው ወደ እግርጌው ይመጣሉ፤ እንዲህ እያሉ አምስቱንም ረድፍ ይጨርሳሉ። እንግዳ ሰው ቢያያቸው የጠፋ ቁልፍ የሚፈልጉ ይመስለዋል። እነሱ ግን የሚስቅባቸውን አይቆጡም፤ እሱም አንዴ እንዲዞር ይጋብዙታል እንጂ።

ድንጋዩን ማን እንደቀረጸው የሚያውቅ የለም። ሽማግሌዎቹ ሲጠየቁ «ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች» ይላሉ፣ ነገሩም በዚሁ ይዘጋል። እነሱ የሚያውቁት ድንጋዩ የዛሬ ስሙን ከማግኘቱ በፊት «ግዳይ» ይባል እንደነበር ነው። በየረድፉ አንዲት ጨረቃ፣ አንድ ሰው፣ እንደ ተራራ ጫፍ የተንጋደደ መስመር፣ ከመስመሩም በላይ ሰባት ነጥቦች ተቀርጸዋል፤ ታዲያ አንዱ ረድፍ ሰውየውን በእግሩ አቁሞ ሲያሳይ ቀጣዩ በራሱ ተክሎ ያሳያል። የዚያ ዘመን ወንዶች ይህን አይተው፣ የቆመው የእኛ ሰው ነው፣ የተዘቀዘቀው ጠላት ነው፣ ነጥቦቹም የጣላቸው ሰዎች ቁጥር ናቸው አሉ። በአምስተኛው ረድፍ ላይ ብቻ ነጥብ የለም፤ ሰውየው ግን ጎንበስ ብሎ እጁን ዘርግቷል፤ እሱንም የወደቀ ጠላት መሣሪያ የሚያነሳ ጀግና አደረጉት። በየዓመቱ ጥር ላይ ወንዶቹ ከእግርጌው ቆመው ይፎክራሉ፣ ሴቶቹ ከራስጌው ሆነው እልል ይላሉ። የራስጌው ወገን «የተሸናፊ ወገን» ይባል ስለነበር ወንድ የተባለ ሁሉ እግሩን አያሳርፍበትም። ሴቶቹ ከቆሙበት ሲታይ ግን የተዘቀዘቁት የወንዶቹ ጀግኖች ነበሩ፤ ይህን ከሴቶቹ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም ይባላል።

እንደሚነገረው በዚያ ዘመን ማሽላ ሦስት ዓመት በተከታታይ ከሸፈ። መጋቢት ላይ ዝናብ ይመጣል፤ ሰው ተደስቶ ይዘራል፤ ቡቃያው ጣት ሲያህል ዝናቡ ይቀርና ፀሐይ ትበላዋለች። ሰባት ቤት ተዘግቶ ሰዎቹ ተሰደዱ። ለዘር የሚሆን ማሽላ የቀረው የመንደሩ ዘር ጠባቂ በሆነችው በአንጓች ቤት ብቻ ሲሆን፣ እሷም ዘለላውን ነቀዝ እንዳይደፍረው ከምድጃዋ በላይ ከጣሪያው ማገር ላይ ሰቅላ በጭስ ታቆየው ነበር። ባሏ በሁለተኛው ዓመት እህል ፍለጋ ደጋ እንደወጣ አልተመለሰም። አንጓች ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አንዴ እንቢ ካለች ደግሞ በሬ ጠምደው ቢጎትቷት ንቅንቅ የማትል ሴት ነበረች ይሏታል። ይህ ዘር እንደ ቀድሞው ከጠፋ መንደር የሚባል ነገር እንደማይኖር ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

በአራተኛው ዓመት ጥር ላይ የሚፎክርበት አቅም ያለው ወንድ ስላልነበረ ድንጋዩ ባዶውን ዋለ። አንጓችም ዘሩን አውርዳ ልታናፍሰው በድንጋዩ ጫፍ ላይ አሰጣችው። ወፎቹ እንዳይለቅሙባት እጇን እያጨበጨበች ከራስጌ ወደ እግርጌ፣ ከእግርጌ ወደ ራስጌ ስትዞር ዋለች። ስትዞር፣ ዓይኗም ቅርጾቹ ላይ ነበርና፣ የተዘቀዘቀው ሲቆም፣ የቆመው ሲዘቀዘቅ አየች። ከአንድ ቦታ ሆነው ሲያዩዋቸው ሰባቱ ነጥቦች አንዴ ከመስመሩ በላይ አንዴ ከታች እየሆኑ ትርጉም ያጡ ነበር፤ በየረድፉ ዞራ ስታያቸው ግን ሁሌም ከመስመሩ በላይ ናቸው፤ ነገር ግን ከረድፍ ረድፍ እየወረዱ ወደ መስመሩ ይጠጋሉ። በመጀመሪያው ረድፍ ስንዝር ሙሉ ይርቁታል፤ በሁለተኛው አራት ጣት፤ በሦስተኛው ሁለት ጣት፤ በአራተኛው ይነኩታል። በአምስተኛው የሉም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ዘለላውን ሰብስባ ቀና አለች። ከደጋው ገደል ጫፍ በላይ ቀጭን የጥር ጨረቃ ታይታለች፤ ከእሷም በላይ፣ ከፍ ብለው፣ ሰባቱ ከዋክብት እንደ ጫጩት ተሰብስበዋል። አንጓች ድንጋዩን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ ነጥቦቹንም ደግማ ቆጠረች። የካቲት ጨረቃ ስትወለድ ከዚያው ቦታ ቆማ አየች፤ ከዋክብቱ ወርደዋል። ያን ጊዜ ድንጋዩ የጦር ወሬ ሳይሆን የወራት ቁጥር መሆኑን፣ ጎንበስ ያለው ሰውም የሚዘራ ገበሬ መሆኑን አወቀች።

መጋቢት ገባ፤ ዝናቡም እንደ ልማዱ መጣ። መንደሩ ሁሉ በጭቃ ሹም ደምሳሽ መሪነት ወደ አንጓች ደጃፍ ጎረፈ።

«አንጓች፣ ሰማዩ ተከፈተ እኮ! ዘሩን አውርጂ» አሏት።

«ገና ነው ጋሼ።»

«ምን ማለትሽ ነው? ውሃው ራሴ ላይ እየወረደ ገና ነው ትይኛለሽ?»

«ይሄ ሦስት ዓመት ያሞኘን ዝናብ ነው። ድንጋዩ ጠብቁ ይላል።»

ከኋላ አንዱ «ድንጋይ ከሚያወራት ሴት ጋር ነው ጉዳችን!» ሲል ሰው ሳቀ። አንጓች አልሳቀችም።

«ዙረው ይዩ» አለቻቸው ጭቃ ሹሙን። «በእኛ በሴቶቹ በኩል ዙረው ድንጋዩን ይዩት። አይተው ሲያበቁ ተሳስተሻል ካሉኝ ዘሩን በገዛ እጄ አወርድልዎታለሁ።»

«እኔ ደምሳሽ? በተሸናፊ ወገን ልቁም?»

«እንግዲያው ዘሩም ከተሰቀለበት አይወርድም» ብላ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች።

የዘር ጠባቂን ደጃፍ በግድ መሻገር በዚያ አገር ነውር ነው፤ በግድ የተወሰደ ዘር አይበቅልም ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ እየተራገሙ ተበተኑ። አንጓች ግን ያን ዕለት ፈርታ ነበር። ዝናቡ የእውነት ቢሆንስ? እኔ ብሳሳትስ? መንደሩን የጨረስኩት እኔ ነኝ ማለት ነው እያለች ሰነበተች። ዝናቡ ዘጠኝ ቀን ዘነበ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች ዘርተው ማሳቸው አረንጓዴ ሲሆን፣ የአንጓች ጎረቤቶች ሰላምታ ነሷት፤ ውሃ ስትቀዳ እንስራዋን የሚያሸክማት ጠፋ። እሷ በየምሽቱ ወደ ድንጋዩ እየሄደች ከዋክብቱ ከገደሉ ጫፍ ምን ያህል እንደራቁ በጣቷ ትለካለች፤ ተመልሳም ደጃፏ ላይ ትቀመጣለች። ፍርሃቷ እንዳለ ነበር፤ ከደጃፏ ግን አላስነሳትም።

በአሥረኛው ቀን ሰማዩ ተዘግቶ ዝናቡ ቀረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የማዶው አረንጓዴ ገለባ ሆነ። ሚያዝያ እንደገባ አንድ ቀን ሊመሽ ሲል ጭቃ ሹም ደምሳሽ ብቻቸውን ወደ ድንጋዩ መጡ። አንጓች እንደ ልማዷ እዚያው በጣቷ ትለካ ነበር። ከእግርጌው ቆመው ብዙ አሰቡ፤ ከዚያ እንደ ቀዝቃዛ ወንዝ እግራቸውን ፈራ ተባ እያሉ ወደ ራስጌው ዞሩ። ዳሰሱ፣ ተመለሱ፣ ደግመው ዞሩ።

«እነዚህ እኮ ጠላት አይደሉም» አሉ በመጨረሻ፤ «አንድ ሰው ነው።»

«አዎ ጋሼ። አንድ ሰው ነው።»

«ሰማይ እያየ ለሚጠብቅ ገበሬ ነዋ ስንፎክር የኖርነው!» ብለው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፤ አልቅሰዋልም ይባላል፣ ልጆቻቸው ግን ይህን አይቀበሉም።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱም በየምሽቱ አብረው ጠበቁ። ከዋክብቱ ገደሉን ነኩ፤ በማግሥቱ አራቱ ብቻ ታዩ፤ ቀጥሎ ሁለት። አንድ ምሽት ሰማዩ እንደታጠበ ቅል ጠርቶ ሳለ አንድም አልታየም። አንጓች ቤቷ ገብታ ዘሩን አወረደች።

ጠዋት ሰው ሲሰበሰብ መሬቱ አቧራ ነበር። «በደረቅ መሬት ልንዘራ ነው?» አሏት።

«በደረቅ መሬት። ሰውየው እጁን ሲዘረጋ ዝናብ አልተቀረጸለትም» አለች። ጭቃ ሹም ደምሳሽም ቀድመው እጃቸውን ዘረጉ።

ለየቤቱ እፍኝ እፍኝ እያለች ስታድል፣ የመጨረሻው ሰው ዘሩን ተቀብሎ ሲሄድ ለራሷ አንዲት ፍሬ አልቀረችላትም። ቆጥራ ነው ወይስ ተሳስታ፣ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በሰጠችው ዘር መንደሩ ሁሉ አቧራ ውስጥ ሲዘራ እሷ ባዶ ማሳዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አየች። አንድ ቀን አለፈ፤ አምስት ቀን አለፈ። በማሳዋ በኩል የሚያልፍ ሁሉ ያያት ነበር። በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከምሥራቅ የመጣው ደመና ወረደ፤ ሳያባራም ሰነበተ። በዚያ ዝናብ ውስጥ ጭቃ ሹም ደምሳሽ ካስተረፉት ዘር ጭብጥ ይዘው ወደ አንጓች ማሳ መጡና በተኑት። ከኋላቸው ሌላው መጣ፣ ከሌላውም ኋላ ሌላው። በመኸሩ ከመንደሩ ሁሉ ጠንቶ የበቀለው ጨርሶ ዘር ያልነበራት ሴት ማሳ ነበር ይባላል።

ዛሬ ያ ማሳ ባለቤት የለውም፤ ስሙ ግን «የአንጓች» ነው። እያንዳንዱ ቤት የመጀመሪያውን ጭብጥ እዚያ ይበትናል፤ ከዚያ የሚሰበሰበው ዘለላም ለቀጣዩ ዓመት ዘር እንዲሆን በዘር ጠባቂዋ ቤት በጭሱ ላይ ይሰቀላል። ፉከራው ቀርቷል፤ እልልታው አለ፤ የተሸናፊ ወገን የሚባልም የለም። ዘር ጠባቂዋ ሁሌም ሴት ናት። ሚያዝያ ላይ ገበሬው ስልቻውን ይዞ ደጃፏ ሲቆም፣ ስለ ሰማዩም ስለ ዝናቡም አትጠይቀውም፤ «ዞረሃል?» ብቻ ትለዋለች። ያልዞረ ሰው፣ ጭቃ ሹምም ቢሆን፣ ስልቻውን ባዶውን ይዞ ይመለሳል።